ቪላንን በዋን መስመር ብሪጅ ማድረግ፦ ታጉ ይሻገራል ወይስ ይቀራል?

ሁለት ቢሮዎች አንድ ቪላን (በስዊቾች ላይ በቁጥር የሚለይ ምናባዊ የውስጥ ኔትወርክ) እንዲጋሩ ሲፈለግና በመካከላቸው ያለው የዋን፣ ማለትም ሩቅ ቦታዎችን የሚያገናኝ፣ መስመር ብቻ ሲሆን፣ ራውተሩ የቆመለትን ዓላማ ትቶ እንደ ስዊች እንዲሠራ ይገደዳል። ራውተር በባሕርዩ የኔትወርክ ድንበር ጠባቂ ነው፤ ብሮድካስት (ለሁሉም መሣሪያ የሚላክ መልእክት) አያሳልፍም፣ የአንዱን ወገን ማክ አድራሻም (የመሣሪያ መለያ ቁጥር) ለሌላው ወገን አያሳይም። ብሪጅ እንዲያደርግ፣ ማለትም ሁለቱን ወገኖች እንደ አንድ ኔትወርክ እንዲያገናኝ፣ ሲታዘዝ ግን የኢተርኔት ፍሬሙን (የመረጃውን እሽግ) እንዳለ ተቀብሎ በዋን መስመሩ መጠቅለያ ውስጥ በማስገባት ወደ ማዶ መላክ ይኖርበታል። ይህን ለማዘዝ የሚጻፉት መስመሮች ጥቂት ናቸው፤ ሥራውን የሚያከብደው ከመጻፋቸው በፊት የሚወሰነው ነገር ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው አንድ ጉዳይ አለ፤ የቪላኑ ታግ (ፍሬሙ የየትኛው ቪላን እንደሆነ የሚናገረው ምልክት) መስመሩን ይሻገራል ወይስ ራውተሩ ዘንድ ይቀራል? የፍሬሙ መጠንም ሆነ የስፓኒንግ ትሪው (ፍሬሞች በክብ መንገድ እንዳይሽከረከሩ የሚከላከለው ፕሮቶኮል) አኳኋን፣ የማዶው ራውተር ኮንፊገሬሽንም ጭምር፣ ከዚህ መልስ ይከተላሉ።

በ802.1ኪው ስታንዳርድ መሠረት ታጉ 4 ባይት ሲሆን የሚገባው ከላኪው ማክ አድራሻ ቀጥሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ባይቶች በሄክሳዴሲማል 8100 የሚለውን መታወቂያ ይይዛሉ፤ ከቀሩት 16 ቢቶች ውስጥ 3ቱ ለቅድሚያ ደረጃ፣ 1ዱ ፍሬሙ በመጨናነቅ ጊዜ ሊጣል እንደሚችል ለማመልከት፣ 12ቱ ደግሞ ለቪላን ቁጥሩ ይውላሉ። በ12 ቢት 4096 ቁጥሮች ይገኛሉ፤ 0 እና 4095 የተያዙ ስለሆኑ ለተጠቃሚው የሚቀሩት 4094 ናቸው። ብዙዎች ታጉን እንደ ቁጥር ብቻ ስለሚያዩት ቅድሚያውን ይረሱታል። ታጉ ሲወልቅ ግን የቅድሚያ ደረጃውም አብሮት ይጠፋል፤ በዚያ ቪላን የስልክ ድምፅ የሚያልፍ ከሆነ ራውተሩ ደረጃውን አስቀድሞ አንብቦ ለራሱ ወረፋ እንዲጠቀምበት ካልታዘዘ፣ ድምፁ በጠባቡ መስመር ላይ ከፋይል ዝውውር ጋር እኩል ይሰለፋል።

የመጀመሪያው መንገድ ታጉን ማስቀረት ነው። በላን (የቢሮው የውስጥ ኔትወርክ) ወገን ለቪላኑ ቁጥር የተመደበ ሰብ ኢንተርፌስ (የአካላዊው ኢንተርፌስ ንዑስ ክፍል) ይከፈታል፣ በዋን ወገን አንድ ቨርችዋል ሰርኪት (በመስመሩ ውስጥ ለብቻው የተለየ ምናባዊ መንገድ) ይዘጋጃል፣ ሁለቱም በአንድ ብሪጅ ግሩፕ (አብረው ብሪጅ የሚደረጉ ኢንተርፌሶች ስብስብ) ውስጥ ይገባሉ። ፍሬሙ ወደ ሰብ ኢንተርፌሱ ሲገባ ራውተሩ ታጉን ያወልቃል፣ ባዶውን ፍሬም በመስመሩ ይልካል፣ የማዶው ራውተር ደግሞ ወደ ራሱ ላን ሲያስወጣው የራሱን ቁጥር ያደርግበታል። ስለዚህ እዚህ 10 የሚባለው ቪላን እዚያ 210 ቢባል በራውተሮቹ በኩል ምንም ችግር የለውም፤ ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ኔትወርኮች ሲገናኙ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሰርኪቶቹ እስከበቁ ድረስ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ቪላን አንድ ሰርኪት። ምክንያቴ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ቪላን ጭነት በየሰርኪቱ ቆጣሪ ላይ ለብቻው ይታያል፣ የፍጥነት ገደብም ለየብቻው ሊደረግለት ይቻላል፣ አንዱ ቪላን ሲታወክም ሌሎቹን ሳይነኩ የእርሱን ሰርኪት ብቻ መዝጋት ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ትራንክ (ብዙ ቪላኖችን በታግ ለይቶ በሚያሳልፍ መስመር) አጭቆ መላክ በወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል፤ ሌሊት ችግር ሲፈጠር ግን የትኛው ቪላን መስመሩን እንደሞላው ለመለየት ሰፊ ጊዜ ይጠይቃል።

የመጠቅለያው ዓይነት በሁለቱም ጫፍ አንድ መሆን አለበት። በኤቲኤም (መረጃን በእኩል መጠን ትንንሽ ሴሎች በሚያጓጉዝ የዋን ዓይነት) መስመር ላይ ሥራ ላይ የሚውለው በ1999 የወጣው አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ቴክኒካዊ ሰነድ) 2684 ነው፤ ይህም በ1993 የወጣውን 1483ን የተካ ነው። ሌላው የዋን ዓይነት በሆነው በፍሬም ሪሌይ ላይ ደግሞ አርኤፍሲ 2427 ያገለግላል። ሁለቱም ሰነዶች የብሪጅ መጠቅለያንና የራውት መጠቅለያን ለይተው ያስቀምጣሉ። አንዱ ጫፍ በብሪጅ፣ ሌላው በራውት መጠቅለያ ከተዘጋጀ ሰርኪቱ በሁለቱም ወገን ሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል፣ ነገር ግን አንድም ጠቃሚ ፍሬም አያልፍም። ኢንተርፌሱ ተነሥቷል ማለት ጫፎቹ ተግባብተዋል ማለት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው መንገድ ታጉን ከነቁጥሩ ማሻገር ሲሆን፣ ቪላኖቹ ብዙ፣ መስመሩ ግን አንድ ሲሆን ግድ ይሆናል። ሁለት ራውተሮችን በቀጥታ በሚያገናኝ ሲሪያል መስመር ላይ ይህን የሚያስችለው ቢሲፒ የተባለው የፒፒፒ (ሁለት ጫፎችን በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር ፕሮቶኮል) ብሪጅ መቆጣጠሪያ ፕሮቶኮል ነው። በ1994 የወጣው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1638፣ የ802.1ኪው ስታንዳርድ ከመታተሙ በፊት የተጻፈ በመሆኑ ታግን አያውቅም፤ በ2000 የተተካው 2878 ሁለቱ ጫፎች ታግ ያለውን ፍሬም ለመቀበል የሚስማሙበትን አማራጭ በድርድሩ ውስጥ አስገባ፤ በ2003 የወጣው 3518ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። አሮጌ መሣሪያ ከአዲስ ጋር ሲገናኝ ስለዚህ አማራጭ ማጣራት ተገቢ ነው፤ ፒፒፒ መነሣቱ ብቻ ታጉ እንደሚያልፍ ማረጋገጫ አይሆንም።

መስመሩ በአገልግሎት ሰጪ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሰጪው በእኛ ታግ ላይ የራሱን ሁለተኛ ታግ ሊደርብ ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀው ስታንዳርድ በ2005 የጸደቀው 802.1ኤዲ ሲሆን የውጭኛው ታግ መታወቂያ 88ኤ8 ነው። የውስጡ ቁጥር የደንበኛው፣ የውጩ ቁጥር የሰጪው ስለሆነ ሁለቱ አይጋጩም። ይሁን እንጂ ሁሉም መሣሪያ በውጭኛው ታግ ላይ 88ኤ8ን አይጠቀምም፤ በሁለቱም ታጎች ላይ 8100ን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ይህ ቁጥር ከሰጪው ጋር በጽሑፍ መስማማት ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ ነው። በትራንክ ላይ ታግ ሳይደረግበት የሚያልፈው ቪላንም እንዲሁ በሁለቱም ጫፍ አንድ ካልሆነ፣ የአንዱ ቪላን ፍሬም በዝምታ ወደ ሌላው ይፈስሳል። እኔ በዋን ትራንክ ላይ ታግ የሌለው ፍሬም ጨርሶ እንዳያልፍ ማድረግን እመርጣለሁ።

ወደ መጠኑ ልለፍ፤ ብሪጅ ከተደረጉ መስመሮች ቅሬታ በብዛት የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ተራ የኢተርኔት ፍሬም ከነማረጋገጫ ድምሩ እስከ 1518 ባይት ይደርሳል፤ ታግ ሲጨመርበት 1522 ይሆናል፣ ሁለት ታግ ሲሆን 1526። የዋን ኢንተርፌሱ ኤምቲዩ (ሊያሳልፈው የሚችለው ትልቁ መጠን) በተለመደው 1500 ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ እንደ መሣሪያው አቆጣጠር ትልልቆቹ ፍሬሞች ሊጣሉ ይችላሉ። ራውተር አይፒ ፓኬት ሲበዛበት ሊከፋፍለው ወይም ፓኬቱ ከመጠን በላይ መሆኑን ለላኪው ሊያሳውቅ ይችላል፤ ብሪጅ ግን ሁለቱንም አያደርግም፣ ዝም ብሎ ይጥላል። ምልክቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ፒንግ ይሠራል፣ የቲሲፒ ግንኙነት ይከፈታል፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ብዙ መረጃ ሊተላለፍ ሲል ሁሉም ነገር ይቆማል። ተጠቃሚው «መስመሩ ዘገምተኛ ነው» ይላል፤ መስመሩ ግን ዘገምተኛ አይደለም፣ ትልቁን ፍሬም አያሳልፍም እንጂ።

በኤቲኤም ላይ ይህ ሒሳብ የሚያስደስት ውጤት አለው። ፍሬሙ ማረጋገጫው ሳይጨመር፣ ከታጉ ጋር 1518 ባይት ነው። በአርኤፍሲ 2684 የብሪጅ መጠቅለያው ራስጌ 10 ባይት ይጨምራል፣ ከኋላ የሚቀጠለው የኤኤኤል5 (መረጃውን በኤቲኤም ሴሎች ላይ የሚያዘጋጀው ደረጃ) መዝጊያ ደግሞ 8፤ ድምሩ 1536 ይመጣል። አንድ የኤቲኤም ሴል 48 ባይት ስለሚሸከም ይህ ያለ አንዲት ትርፍ ባይት በ32 ሴሎች ይሞላል። ታግ የሌለው ፍሬምም በሙሌት ያው 32 ሴል ስለሚፈጅ፣ በትልቁ ፍሬም ላይ ታጉ ምንም ዋጋ አያስከፍልም። ማረጋገጫው አብሮ እንዲሄድ ከተደረገ ግን ድምሩ 1540 ይሆንና 33ኛ ሴል ይጠየቃል፤ ያም ሴል ከሞላ ጎደል ባዶውን ይጓዛል። ማረጋገጫውን ስለማሻገር ወይም ስለማስቀረት የሚቀርበው ምርጫ ትርጉም የለሽ ለሚመስለው ሰው ይህ መልስ ነው።

ስፓኒንግ ትሪን በተመለከተ መጠየቅ ያለበት በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ከአንድ በላይ መንገድ መኖሩ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነና ሌላ በስውር የሚያገናኝ ኬብል እንደሌለ ከተረጋገጠ፣ ቢፒዲዩ (ስዊቾች ለስፓኒንግ ትሪ የሚለዋወጡት መልእክት) መስመሩን እንዳይሻገር መከልከሉ ይሻላል እላለሁ፤ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ሩት ብሪጅ (የስፓኒንግ ትሪው መነሻ የሆነውን ስዊች) ይዞ ይኖራል፣ በአንዱ ቢሮ የተነሣ ለውጥም ሌላውን አይነካም። በዚህ የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገ አንድ ሰው ሁለተኛ መስመር ቢጨምር ሉፕ ይፈጠራል ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን ሁለተኛ መስመር ማንም ሳያውቀው የሚጨመር ነገር አይደለም፤ በአንጻሩ በአንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር በተሰካና በተነቀለ ቁጥር የሚነሣው የለውጥ ማስታወቂያ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ማስታወቂያው ሲደርስ ስዊቾቹ የማክ አድራሻ ማቆያ ጊዜያቸውን ከተለመደው 300 ሰከንድ ወደ 15 ሰከንድ ያወርዳሉ፣ አድራሻዎቹም ስለሚጠፉ ፍሬሞቹ በሁሉም ፖርት፣ በጠባቡ የዋን መስመርም ጭምር፣ ይበተናሉ። ቢፒዲዩ የሚያልፍ ከሆነ ቢያንስ የኮምፒውተሮቹ ፖርቶች ሁሉ የጠርዝ ፖርት (የለውጥ ማስታወቂያ የማያስነሣ ፖርት) ተብለው መሰየም አለባቸው።

መንገዱ ሁለት ከሆነ ምርጫ የለም፤ ስፓኒንግ ትሪ መሻገር አለበት። ያን ጊዜ ሩት ብሪጁን በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። የሁሉም ስዊች የቅድሚያ ቁጥር በተለመደው 32768 ላይ ከቀረ የሚያሸንፈው አነስተኛ ማክ አድራሻ ያለው ነው፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ያረጀው መሣሪያ ይሆናል፤ በሩቁ ቢሮ ጥግ የተረሳ አሮጌ ስዊች የዋናውን ቢሮ ትራፊክ አቅጣጫ ሲወስን ማየት አይገርምም። በመጀመሪያው ስታንዳርድ፣ በ802.1ዲ፣ የተለመዱ ሰዓት ቆጣሪዎች ደግሞ አንድ መስመር ሲቋረጥ ሌላው እስኪከፈት 50 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፤ 20ው አሮጌው መረጃ እስኪያልፍበት፣ 30ው ለማዳመጥና ለመማር። በ2001 የመጣው ፈጣኑ ዓይነት፣ 802.1ደብልዩ፣ ይህን በእጅጉ ያሳጥራል፤ ራውተሩ ግን ሁልጊዜ አይደግፈውም።

ከላይ የቪላን ቁጥሮቹ ቢለያዩ ችግር የለውም ማለቴ በራውተሮቹ በኩል ብቻ ነው። የሲስኮ ስዊቾች ለየቪላኑ የሚልኩት ቢፒዲዩ የቪላኑን ቁጥር በውስጡ ይይዛል፣ የሚላክበትም መልቲካስት አድራሻ ተራ ብሪጅ ሳይመረምር የሚያሳልፈው ነው። ከቪላን 10 የወጣው በማዶ በቪላን 210 ላይ ሲደርስ ተቀባዩ ስዊች ቁጥሩ አለመግጠሙን አይቶ ፖርቱን ለዚያ ቪላን ይዘጋዋል። ራውተሮቹ ላይ ሰዓታት ሲፈለግ የሚኖረው ችግር ስዊቹ ላይ በአንድ የሁኔታ መስመር ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። አንድ ኢ1 መስመር 2.048 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ 1522 ባይት ያለው ፍሬም በላዩ ለማለፍ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። በሰከንድ 1000 የኤአርፒ (የማክ አድራሻ መጠየቂያ) ብሮድካስት፣ እያንዳንዱ 64 ባይት ሆኖ፣ 512 ኪሎቢት ይሆናል፣ ይኸውም የመስመሩ ሩብ ነው። በጊጋቢት ስዊች ላይ ማንም የማያስተውለው ነገር እዚህ የአገልግሎት መቋረጥ ይሆናል፤ ስለዚህ የብሮድካስት ገደቡ ፍሬሙ ወደ ራውተሩ ከመድረሱ በፊት፣ በስዊቹ ፖርት ላይ መቀመጥ አለበት።

ከብሪጁ ጎን ለጎን አይፒም እንዲያልፍ ከተፈለገ አድራሻው የሚቀመጠው በአካላዊው ኢንተርፌስ ላይ ሳይሆን ብሪጅ ግሩፑን በሚወክለው ምናባዊ ኢንተርፌስ ላይ ነው። በሲስኮ ራውተሮች ይህ ኢንተርፌስ ቢቪአይ ይባላል፣ ቁጥሩም ከብሪጅ ግሩፑ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በተጨማሪም ግሩፑ አይፒን ራውት እንዲያደርግ ለብቻው ካልታዘዘ አድራሻው ተቀምጦ ሳለ ምንም አይሠራም።

ሲጠናቀቅ የምሞክረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ በሁለቱም ራውተሮች ላይ የብሪጁን ማክ ሠንጠረዥ አያለሁ፤ የማዶው አድራሻ በዋን ሰርኪቱ ላይ ተመዝግቦ ካልታየ ከአይፒ በላይ ያለውን ሁሉ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ ከአንዱ ቢሮ ኮምፒውተር ወደ ሌላው፣ እንዳይከፋፈል ተደርጎ፣ 1472 ባይት የያዘ ፒንግ እልካለሁ፤ 28 ባይት ራስጌ ሲደመርበት 1500 ስለሚሞላ የመጠኑ ነገር እዚያው ይለያል። ትንሹ ፒንግ አልፎ ትልቁ ከቀረ ወደ ኤምቲዩ እመለሳለሁ።

ኤቲኤምና ፍሬም ሪሌይ ከብዙ ቦታ ቢወጡም ጥያቄው አልወጣም። በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4448 ኢተርኔትን በኤምፒኤልኤስ (በመለያ ምልክት ፓኬት በሚያስተላልፍ የአገልግሎት ሰጪ ኔትወርክ) ላይ የሚያሻግርባቸውን ሁለት ዓይነቶች ያስቀምጣል፤ በአንደኛው አገልግሎቱን የሚለየው ታግ መስመሩን አይሻገርም፣ በሁለተኛው እያንዳንዱ ፍሬም ታግ ይዞ ይሻገራል። በ2014 የወጣው የቪኤክስላን (የኢተርኔት ፍሬምን በአይፒ ኔትወርክ ላይ ጠቅልሎ የሚያሻግር ዘዴ) ሰነድ፣ አርኤፍሲ 7348፣ በተለየ ካልታዘዘ በስተቀር የውስጡ ታግ እንዳይሻገር ይመክራል፣ የራሱንም 50 ባይት በፍሬሙ ላይ ይጨምራል። በኤምፒኤልኤሱ መስመር ላይ የሁለቱ ጫፎች ዓይነት ካልገጠመ ግንኙነቱ ጨርሶ አይነሣም፤ ከድሮው መስመር አሠራር ጋር ሳስተያየው ይህ መሻሻል ነው፣ ምክንያቱም ቢያንስ ስህተቱ ተነሥቷል በሚል የኢንተርፌስ ሁኔታ ጀርባ አይደበቅም።