የሮቶው ውሃ ለምን ቀዘቀዘ? ከሚንቀሳቀስ ሜሽ ጋር ሦስት ሳምንት

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ የሮቷችንን ውሃ ሙቀት የሚያሰላው ኮዴ ስክሪኑ ላይ 20.0000 ዲግሪ አለ። ከመጀመሪያው ስቴፕ (የጊዜ እርምጃ) እስከ መጨረሻው ያው 20። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ለዚህች ቁጥር ነው። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም፤ ተመሳሳይ ነገር ለሚሞክርም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ሲሙሌሽን እሠራለሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤታችን ሮቶ አለ። ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ሌሊት ይበርደዋል፣ እየቀዳን ስንሄድ ደግሞ ከፍታው ይወርዳል። ይህንን በፓይተን ልሥራው አልኩ። በማይንቀሳቀስ ሜሽ (ውሃውን ሴል በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የሚከፍል መረብ) የሙቀት እኩልታውን መፍታት ብዙም አላስቸገረኝም።

ችግሩ የመጣው ውሃው መውረድ ሲጀምር ነው። ውሃውን ከታች እስከ ላይ በ10 ሴል ከፈልኩት። ከፍታው ሲቀንስ ሴሎቹም እኩል እየሳሱ አብረው ይወርዳሉ። ይህ አካሄድ ኤኤልኢ (ALE፣ ሜሹ እኛ በመረጥነው መንገድ የሚንቀሳቀስበት ስሌት) ይባላል፤ ኸርት፣ አምስደንና ኩክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ለሙከራ ፀሐዩንም ብርዱንም አጠፋሁ። ውሃው በሙሉ 20 ዲግሪ ነው፤ በግድግዳው በኩል ሙቀት አይገባም፣ አይወጣም። ከታች በእኩል ፍጥነት ይቀዳል፣ በቃ። ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ግማሹ ስለተደፋ የቀረው አይቀዘቅዝም። ኮዱ ግን በ30 ስቴፕ ውሃው ሲጋመስ 9.83 ዲግሪ አለኝ።

ሁለት ሳምንት የተሳሳተ ቦታ ፈለግኩ። ሴሎቹን 100 አደረስኳቸው፤ ያው 9.83። ታይም ስቴፑን አሳነስኩ፤ መልሱ ወደ 10 ተጠጋ እንጂ ወደ 20 አልሄደም። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ስቴፕ ሲያንስ መልሱ ወደ ተሳሳተ ቁጥር ከተጠጋ፣ ስህተቱ እኩልታው የተጻፈበት መስመር ላይ ነው። ከፍታው ሲጋመስ ሙቀቱም መጋመሱ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ሻማ አብርቼ ባለካሬ ደብተር አወጣሁ። ሮቶው 100 ሳንቲ ሜትር ውሃ፣ ሁለት ሴል ብቻ። የላይኛውን ያዝኩ። ቁመቱ 50 ነበር፣ ከአንድ ስቴፕ በኋላ 49 ሆነ። የያዘው ሙቀት 50 ሲባዛ በ20፣ 1000 ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ 20 ዲግሪውን ይዞ ወደ ታችኛው ሴል አለፈ፤ 980 ቀረ። 980 ለ49 ሲካፈል 20። ልክ ነው!

ከዚያ የኮዴን መስመር ከአእምሮዬ እያወጣሁ ከጎኑ ጻፍኩት። ኮዴ የሚነሳው ከ49 ሲባዛ በ20 ነው፤ 980። ከዚያ ላይ ወደ ታች ያለፈውን 20 ይቀንሳል። 960 ለ49 ሲካፈል 19.59። አገኘሁት። የድሮውን ሙቀት በአዲሱ ቁመት አባዝቼ ነበር። የሴሉ ቁመት ራሱ ሲለዋወጥ፣ የጊዜ ዴሪቬቲቩ (በጊዜ የመለወጥ ፍጥነቱ) የሚወሰደው የቁመቱና የሙቀቱ ብዜት ላይ ነው፤ የድሮው ሙቀት ከድሮው ቁመት ጋር፣ አዲሱ ከአዲሱ ጋር።

አስተካክዬ 20 አገኘሁና ተኛሁ። በማግስቱ አቀዳዱን ቀየርኩ፤ ቧንቧው ተከፍቶ ይቀር፣ በቶሪቼሊ ሕግ (ከፍታው ሲቀንስ ፍሰቱም ይዳከማል በሚለው) ይፍሰስ አልኩ። በዚህ ሕግ በ60 ደቂቃ ባዶ የሚሆን ሮቶ በ30 ደቂቃ ሩብ ከፍታው ብቻ ይቀረዋል። ያን ጊዜ ኮዴ 20.34 አለ። ስቴፑን ከ60 ሰከንድ ወደ 30 ዝቅ ሳደርገው 20.17።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስቴፑን አሳንሶ ያልፋል። እኔ በፍጹም አልስማማም። እሱ ማስታገሻ ነው። የሜሹን ፍጥነት የወሰድኩት በስቴፑ መጨረሻ ካለው ቀመር ነበር፤ ሴሉ በእውነት የተጓዘው ግን ከድሮው ቦታ እስከ አዲሱ ነው። አቀዳዱ እኩል ሲሆን ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ስለዚህ ስህተቱ ተደብቆ ቆየ። የድሮውን ቦታ ከአዲሱ ቀንሼ ለስቴፑ አካፈልኩት፤ የውሃውንም ፍጥነት እንዲሁ። በ60 ሰከንድ ስቴፕ 20.0000። ቶማስና ሎምባርድ በ1979 እ.ኤ.አ. የጂኦሜትሪ ጥበቃ ሕግ ብለው የጻፉት ይህንኑ ነው።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። አምና በኮምሶል (የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ነው) የራሱን እኩልታ የሚጽፍ ጓደኛዬ መልሱ ሲበላሽበት፣ ሜሹን አድቅቀው ብዬ መከርኩት። ሳምንት አቃጠለበት። የእሱ ችግር ሌላ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚወሰድ የጊዜ ዴሪቬቲቭና ከሜሹ ጋር እየተጓዘ የሚወሰድ ዴሪቬቲቭ የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸው የሜሹ ፍጥነት ሲባዛ በሙቀቱ ግራዲየንት (ሙቀቱ ከቦታ ቦታ በሚለወጥበት መጠን) ነው። እሱ አንዱን በሌላው ቦታ ተጠቅሞ ነበር። ይህን ስህተት ደግሞ የእኔ የ20 ዲግሪ ሙከራ አይዘውም፤ ሙቀቱ ሁሉም ጋ እኩል ከሆነ ግራዲየንቱ ዜሮ ነው። ውሃው ቆሞ፣ ላዩ ሞቅ ታቹ ቀዝቀዝ ብሎ፣ የሙቀት ማስተላለፉ ጠፍቶ ሜሹ ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየው። ወንድሜ፣ ይቅርታ።

አሁን ሁለት የኋላ ስቴፕ ወደሚጠቀም ቀመር ገብቻለሁ። ትናንት መሀል ላይ መብራት ሄደና ካስቀመጥኩት ፋይል አስቀጠልኩት፤ ሙቀቱ ወዲያው ዘለለ። ቀመሩ የቀደሙትንም ቁመቶች ይፈልጋል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን የአሁኑ ቁመት ብቻ ነበር። ዛሬ የአሁኑንና የሁለቱን የኋላ ስቴፖች፣ የሦስቱንም ጊዜ ቁመት እንዲያስቀምጥ አደረግኩት፤ ሆን ብዬ መሀል ላይ አቋርጬ አስነሳሁት፤ ካቆመበት ምንም ሳይዘል ቀጠለ።