ከጥቅምት 29 እስከ ጥር 23፦ የ12 ሳምንት የግልቢያ ትምህርትና የአደራ ፈረስ አያያዝ

ከጥቅምት 29 እስከ ጥር 23 ሲቆጠር ልክ 84 ቀን፣ 12 ሳምንት ነው። ክረምቱን ጨፌ ላይ ሲግጥ የከረመ ፈረስና ኮርቻ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ ጥር 23 ለሚከበረው የእንጅባራው የአገው ፈረሰኞች በዓል አብረው ለመድረስ የሚበቃቸው ይህ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሱን ባህል ባቆየበት በዚህ አገር እንኳ ተደጋግሞ የሚታይ ጥፋት አለ፦ ዝግጅቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይጀመርና ጥር ሲገባ ፈረሱ ገጣባ (ጀርባው በኮርቻ የቆሰለ) ሆኖ ጋጣ ይቀራል።

ማስታወሻው የተጻፈው በአንድ ግቢ ውስጥ ግልቢያ እያስተማሩ የሌላ ሰው ፈረስም በአደራ ለሚያሳድሩ ቤተሰቦችና በእነሱ ዘንድ ለሚማሩ ነው። ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት ጀርባ ላይ ነው። ጀማሪ ሚዛኑን የሚጠብቀው ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር) በመሳብ ነው። የአገራችን ልጓም የታችኛውን መንጋጋ ዞሮ የሚይዝ የብረት ቀለበት ስላለው ትንሽ ሲሳብ እንኳ ያጣብቃል። አፉ ያመመው ፈረስ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ራሱ ሲነሣ ጀርባው ይሰረጉዳል፤ ጀርባው ሲሰረጉድ የኮርቻው የኋላ ጫፍ ወገቡን ይፈገፍጋል። ስለዚህ ወገብ ላይ የወጣ ቁስል ሲታይ ኮርቻውን ብቻ አይወቅሱ፤ የተማሪውን እጅም ይመልከቱ።

የአደራ ፈረስ ሲመጣ መጀመሪያ ለ14 ቀን ከሌሎቹ ተለይቶ ይታሰራል። ባልዲው፣ መቦረሻውና አፈሳሩ (የራስ ማሰሪያው) የራሱ ይሁን። የሰውነቱ ሙቀት ጠዋት ጠዋት ይለካ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ ከ37.2 እስከ 38.3 ዲግሪ ነው። ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። እግሩና አንገቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ እባጮች ካሉ፣ አንዳንዱም ፈርጦ መግል ካወጣ፣ ንድፊት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ወደ መንጋው አይግባ። በሽታው በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይዛመታል፤ ገጣባ ጀርባ ደግሞ የተከፈተ በር ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚተላለፈው ዝናብ ተከትለው በሚበዙ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች ነው። ክትባቱን ክረምት ሳይገባ ማስከተብ ይገባል፤ መከተቡን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ፈረስ አደራ ባይወሰድ ይመረጣል።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ሐኪም የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ፈረሱ ለትምህርት መዋል አለመዋሉ፣ ባለቤቱ ስልክ ሳያነሣ ፈረሱ ሌሊት ቁርጠት ቢይዘው የሚወስነው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

ቀጥሎ ክብደት። ሚዛን ባይኖር የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከክርኑ ኋላ በትከሻው ጉብታ በኩል ዙሪያውን ይለኩ፤ ከዚያ ከደረቱ ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዝቶ በርዝመቱ ማባዛት፣ ከዚያ ለ11,880 ማካፈል ነው። ዙሪያው 140 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ ወደ 215 ኪሎ ይመጣል። ኮርቻውን ጨምሮ የሚሸከመው ጭነት ከክብደቱ 20 በመቶ ባይበልጥ ደግ ነው፤ ለአጭርና ለዝግታ ሥራ 25 በመቶ የመጨረሻው ነው። እንግዲህ ባለ 215 ኪሎው ፈረስ ከ43 እስከ 54 ኪሎ ነው የሚችለው። ኮርቻው ከነግላሱ (ከነልብሱ) 7 ኪሎ ቢመዝን ተማሪው ለአጭርና ለዝግታ ሥራ እንኳ ከ47 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ ይህ የታዳጊ ልጅ ፈረስ ነው። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን 290 ኪሎ ገደማ የሚሆን ፈረስ ይፈለግለት። ይህም የመጨረሻው ልክ ስለሆነ ትምህርቱ በ20 ደቂቃ ይወሰን፣ በእርምጃ ብቻ። ብዙዎች ይህን ስሌት አይወዱትም፤ ፈረሱ ግን ስድስተኛው ሳምንት ላይ ይናገረዋል።

ኮርቻው ሲጫን ከትከሻው አጥንት ኋላ ይቀመጥ። ትንሽ ወደ ፊት ተደርጎ ተቀምጦ ወደ ኋላ ሲሳብ ጸጉሩ በመስመሩ ይተኛል፤ ከኋላ ወደ ፊት ከተገፋ ጸጉሩ ይቆምና ይፈገፈጋል። በሁለቱ እንጨቶች መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ የጀርባ አጥንቱን ምንም ነገር መንካት የለበትም። ሰው ተቀምጦበት ሳለ ከፊት በትከሻው ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ጣት ካልገባ ኮርቻው ለዚያ ፈረስ አይሆንም። መደላድል መደራረብ መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ፤ ጠባብ ጫማ ውስጥ ወፍራም ካልሲ እንደመጨመር ነው፣ ይበልጥ ያጠብበዋል። ቁስሉ ባለበት ቦታ መደላድሉን መብሳትም እንዲሁ፤ የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ይጫነዋል። የሆድ ጠፍሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ሆኖ ይታሰር። ብዙ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋልና ከአምስት ደቂቃ እርምጃ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። ተማሪ ከነኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራትቶ የሚወድቀው ይህ ሲረሳ ነው።

ከ30 ደቂቃ ግልቢያ በኋላ ኮርቻው ወርዶ ላቡ ይነበባል። ግራና ቀኙ እኩል ካላበ ደህና ነው። በላቡ መካከል እጅ መዳፍ የማይሞላ ደረቅ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ጫናው በዝቷል ማለት ነው። ነጭ ጸጉር የቆየ ጫና ምልክት ነው። በሦስት ጣት ሲጫኑት የሚሸሽ ከሆነ፣ ቆዳው ባይላጥም፣ ያ ፈረስ ነገ አይጫንም። ቀዝቃዛ ውኃ ለ15 ደቂቃ እያፈሰሱ እብጠቱና ሕመሙ ፈጽሞ እስኪጠፋ ማሳረፍ ነው። ሦስት ቀን የማሳረፍ ነገር በችኮላ ሲታለፍ አምስት ሳምንት ያስከፍላል።

እርካቡን በተመለከተ፣ አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባው የጥንቱ ቀለበት ለባዶ እግር ነው። ጫማ ለሚያደርግ ተማሪ ሰፊ እርካብ ያስፈልጋል፤ ከጫማው ስፋት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይትረፍ። ከጠበበ እግር ይዞ ይቀራል፣ ከሰፋም እግር ዘልቆ ይገባል፤ በሁለቱም ፈረስ ሰውን ይጎትታል። ተረከዝ ያለው ጫማና የራስ ቁር ሳይኖር ትምህርት አይጀመር። ርዝመቱን ለመገመት የጣት ጫፍ እርካቡ የታሰረበት ላይ ተደርጎ ክንድ ሲዘረጋ እርካቡ ብብት ይድረስ።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት ተማሪው ዛብ አይዝም። ፈረሱ በአፈሳር ከ7 እስከ 8 ሜትር በሆነ ገመድ ይዞራል፣ ገመዱን አስተማሪው ይይዛል። ከ10 ደቂቃ በኋላ አቅጣጫ ይቀየር፤ ጠባብ ክብ የእግር መገጣጠሚያ ይጎዳል። ተማሪው ከጎን ሲታይ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ይህን ደረጃ አለፈ የሚባለው ሁለት እጁን ዘርግቶ 10 ደቂቃ በእርምጃ፣ 1 ደቂቃ በሶምሶማ ሳይንገዳገድ ሲቆይ ነው። ፈረሱም በእነዚህ ሳምንታት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እርምጃ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጅማትና አጥንት ከልብና ከሳንባ ዘግይተው ይጠነክራሉና ትንፋሹ ስላማረ ብቻ አይታለል።

4ኛና 5ኛ ሳምንት የሶምሶማ ነው፣ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። ሶምሶማ ሁለት ምት አለው፤ በአንዱ መነሣት፣ በሌላው መቀመጥ። በክብ ሲዞር የውጪው የፊት እግር ወደ ፊት ሲሄድ ተማሪው ይነሣል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በየሁለት ደቂቃው እግር መቀየር ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ በአንዱ የሚነሣ ሰው የፈረሱን አንድ ጎን ብቻ ያደክማል። የተለመደው ስህተት በጉልበት መጨበጥ ነው። ጉልበት ሲጨብጥ ተረከዝ ይነሣል፣ እግር ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ደረት ወደ ፊት ይወድቃል። «ተረከዝህን አውርድ» እያሉ መጮኽ አይጠቅምም፤ እርካቡን አስለቅቆ ሁለት ደቂቃ በእርምጃ ማስኬድ ነው የሚያስተካክለው፣ ጭኑ ራሱ ይረዝማል። ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ፣ አራት ጊዜ ይበቃል።

6ኛው ሳምንት ላይ ዛብ ይሰጣል። በታኅሣሥ ጠዋት ብረቱ በረዶ ነውና አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእጅ ይሞቅ። ጀማሪ በሁለት እጅ ይያዝ፤ የአንድ እጁ አያያዝ ጦር ለሚይዝ ፈረሰኛ ነው፣ በኋላ ይመጣል። ለማቆም መጀመሪያ ወገብን ማረጋጋት፣ ከዚያ ዛቡን ጨበጥ ለቀቅ ማድረግ። ሳይለቁ የሚስቡት ፈረስ ይደነድናል፣ መልሶም ይስባል። በዚህ ሳምንት አስተማሪው ሰዓቱን ሙሉ ማየት ያለበት የፈረሱን ራስ ነው፤ ከፍ ከፍ ካለ ዛቡ ተወስዶ ተማሪው ወደ ገመዱ ይመለስ። ወደ ኋላ መመለስ አያሳፍርም።

ደንገላሳ (ከሶምሶማ የፈጠነው ግልቢያ) በ8ኛው ሳምንት፣ ከሶምሶማ ተነሥቶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ፈረሱ ሳይታዘዝ የሚፈጥነው ተማሪው ጎንበስ ብሎ በባት ስለሚጨብጠው ነው፤ ቀና ማለት ብቻውን ያዘገየዋል። እምቢ ካለ በአንድ ዛብ ቀስ እያሉ ክቡን ማጥበብ እንጂ በድንገት ማጠፍ አይገባም፣ ይወድቃል። ሽምጥ ግልቢያ ለቀጣዩ ዓመት ይቆይ።

የፈረሱ አቅም የሚለካው ሥራው ካበቃ 10 ደቂቃ በኋላ ነው። ከክርኑ ኋላ በግራ በኩል እጅ አስቀምጦ ልቡን መቁጠር። ከ60 በታች ከወረደ በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ደቂቃ ይጨመር፤ ከ64 በላይ ከቀረ ይቀነስ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላ የመጣ ፈረስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በዝግታ ይለማመድ።

ስለ መኖ። 220 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ድርቆሽ፣ ሥራው ሲበረታ ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ የተከካ ገብስ ወይም እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል)፣ ይህም በአንድ ጊዜ ከ600 ግራም ሳይበልጥ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ እህል ሲበዛበት ሳይፈጭ ወደ ታች ይወርድና አንጀት ውስጥ ይቦካል፣ ቁርጠትና የኮቴ ብግነት ያመጣል። ጨው ከ25 እስከ 30 ግራም፣ ውኃ ከ20 እስከ 25 ሊትር፤ ላብ ባለበት ቀን እጥፍ። የመኖ ለውጥ በ10 ቀን ይሁን፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩቡን እየተኩ። የአደራ ፈረስ የ10 ቀን ድርቆሽ ከቤቱ ይዞ ይምጣ የሚባለው ለዚህ ነው። በጥቅምት ጨፌውን የሚሸፍነው ማገጥ የሚባለው ሣርም በአንድ ጊዜ ሲለቀቁበት ሆድ ይነፋል። ያልታጠበ ግብጦ መርዝ አለበትና ጎተራው አጠገብ ፈረስ አይታሰር። የዶሮ መኖ ከፈረስ መኖ ጋር በአንድ ማንኪያ አይሰፈር፤ አንዳንዱ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚጨመረው ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ጥቂቱ እንኳ ፈረስ ይገድላል።

በዕረፍት ቀን እህሉ በግማሽ ይቀነስ። በሙሉ እህል ሁለት ቀን ቆሞ በሦስተኛው ቀን በኃይል የሚጋለብ ፈረስ የኋላ ጡንቻው ይቆልፋል፦ ላብ ያጠምቀዋል፣ አልራመድ ይላል፣ ሽንቱ ቡና ይመስላል። ይህ ሲታይ አንድ እርምጃም እንዲሄድ አይገደድ፤ ሐኪም እስኪመጣ ባለበት ውኃ ይጠጣ።

ጋጣው በቀርከሃ ሲሠራ ርካሽና ነፋሻ ነው፣ ግን ግዴለም የሚባል ነገር አይደለም። የተቆረጠው ጫፍ እንደ ቢላ ይስላል፤ በፈረሱ በኩል የሚቀር ጫፍ ሁሉ ተሸፍኖ ይታሰር፣ የተሰነጠቀውም ወዲያው ይለወጥ። ለአንድ ፈረስ 3 በ3 ሜትር ይበቃል። ወለሉ በሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ወደ ውጪ ያዘንብል። ፋንድያና ሽንት ካደረ ኮቴው ሥር ያለው ለስላሳ ሥጋ ይጠቁርና ይሸታል፤ ጠዋትና ማታ ኮቴውን ጠርጎ ደረቅ ገለባ ማንጠፍ ይበልጣል ከየትኛውም መድኃኒት። ኮቴ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይከርከም፤ በዚህ አቆጣጠር አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀር መከርከም ስህተት ነው፣ ኮቴው ለጠጠር ስስ ይሆናል።

በጋ ሲበረታ ከረጋ ምንጭ የሚጠጣ ፈረስ አልቅት ይገባበታል። አፍንጫው ወይም ከንፈሩ ላይ ደም ከታየ ምላሱ ሥር ይታይ።

11ኛው ሳምንት በቡድን መሄድ፣ ከበሮና እልልታ መልመድ ነው። በሁለት ፈረስ መካከል አንድ ፈረስ የሚያስቆም ርቀት ይኑር፤ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ከባዝራ ኋላ አይሰለፍ። በመጨረሻው ሳምንት ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፣ እህሉም አብሮ። አዲስ ግላስ ወይም አዲስ ጠፍር ለበዓሉ ቀን አይቆይ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ለብሶት ይለማመድ፣ አዲስ ቆዳ ብብቱን ይልጣልና። ከበዓሉ ሲመለስ 15 ደቂቃ በእርምጃ ማቀዝቀዝ፣ ውኃ አራት አምስት ሊትር እየከፈሉ መስጠት፣ ድርቆሽ ማቅረብ፤ እህል ከአንድ ሰዓት በኋላ። ጥር 24 ጠዋት ጀርባውና አራቱ እግሩ በእጅ ይዳሰስ፤ 20 ደቂቃ ሳይጫን ይራመድ፤ የተገኘውም በመዝገቡ ላይ ከጥቅምት 29ኙ ልኬት ጎን ይጻፍ።