ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ፦ ሮቦኮፒን ከያዝኩ ወዲህ

በመጨረሻ ተገላገልኩ! ሮቦኮፒ በሚባለው የዊንዶውስ ፋይል መቅጃ ትዕዛዝ የአሮጌው ኮምፒውተር ፋይል አዲሱ ላይ ገብቷል። የሚያስደስተኝ ግን መግባቱ ብቻ አይደለም። ምን እንዳለፈና ምን እንደቀረ በስም አውቃለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም በዋናነት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ ልለፈው። ፍላሽ ሞከርኩ። ለሰነድ ይበቃል፣ ለረጅም ቪዲዮ ግን አይሆንም። በተለይ 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆኑ ፍላሾች አብዛኛውን ጊዜ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ነው የሚመጡት፤ ፋት 32 ደግሞ 4 ጊጋ የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ላይ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ ፋይሉ በዛ የሚላችሁ ለዚህ ነው። ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ፎርማት ስታደርጉት ይፈታል፣ ውስጡ ያለውን አስቀድማችሁ አውጡ እንጂ። ዋይፋይም ሞከርኩ፣ ቀርፋፋ ነው፣ ይቆራረጣል። ክላውድ ላይ ጭኖ መልሶ ማውረድ ደግሞ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያለ፣ ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው።

የሠራልኝ ተራ የኔትወርክ ኬብል ነው። አንዱን ጫፍ አሮጌው ላይ፣ ሌላውን አዲሱ ላይ መሰካት። ራውተር አያስፈልግም። ድሮ ለዚህ ሥራ ውስጡ ያሉት ገመዶች የተቀያየሩ ልዩ ኬብል ይፈለግ ነበር፤ ጊጋቢት የሚባሉት ፈጣን የኔትወርክ ካርዶች ግን ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። አድራሻ የሚሰጣቸው ራውተር ስለሌለ ሁለቱም ትንሽ ቆይተው ለራሳቸው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዛሉ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ኔትወርኩ ተበላሸ ብሎ ኬብሉን ይነቅላል። አትንቀሉት፣ ልክ ነው። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ግንኙነት ፐብሊክ ብሎ ስለሚመድበው ፋይል መጋራቱን ፋየርዎሉ ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ ወደ ፕራይቬት ቀይሩት። ከዚያ አሮጌው ላይ ፎልደሩን ሼር ታደርጋላችሁ፣ ከአዲሱ ሆናችሁ በአድራሻው ትገባላችሁ። የሚጠይቃችሁ የአሮጌውን ኮምፒውተር የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ነው። ፓስዎርድ የሌለው አካውንት በኔትወርክ አያስገባም፣ ለጊዜው አንድ አውጡለት። ፍጥነቱ ጥሩ ዲስክ ካለ በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ይጠጋል። አሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ከ40 ብዙም አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በማውስ እየጎተቱ መጣል ለጥቂት ፋይል ደህና ነው። ለዓመታት ፎቶና ሰነድ ግን በፍጹም አልመክርም! መሃል ላይ አንድ ፋይል አልነበብ ሲል መስኮቱ ጥያቄ ይዞ ይቆማል፣ እናንተ ደግሞ ተኝታችኋል። ጠዋት ስትነሱ 12 በመቶ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሰርዛችሁ ልጀምር ብትሉ የትኛው አልፎ የትኛው እንደቀረ የሚነግራችሁ የለም።

ሮቦኮፒ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው፣ የሚወርድ ነገር የለውም። ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ላይ ሮቦኮፒ (robocopy) ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ከየት፣ ከዚያ ወዴት፣ ከዚያ ምርጫዎቹን። የፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በጥቅስ ምልክት ክበቡት። ስላሽ ኢ (/E) ካላችሁት ባዶዎቹን ጨምሮ የውስጥ ፎልደሮችን ሁሉ ይወስዳል። ስላሽ ኤክስ ጄ (/XJ) የግድ ነው፤ የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁሙ የተደበቁ አቋራጮች አሉ፣ አንዳንዱ ወደ ራሱ ይመልሳል፣ ካልዘለላችኋቸው ኮፒው ማለቂያ ያጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ስላሽ አር (/R) እና ስላሽ ደብልዩ (/W)። አንደኛው አንድ ፋይል እንቢ ሲል ስንት ጊዜ እንደገና እንደሚሞከር፣ ሁለተኛው በየመሃሉ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ ይወስናል። ካልነካችኋቸው 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሰከንዱ ነው። አስሉት፣ አንድ የተበላሸ ፋይል ላይ ብቻ 347 ቀን! ሮቦኮፒ ደርቆ ቀረ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጠማቸው ይህ ይመስለኛል። ሁለቱንም 1 አድርጓቸው (/R:1 /W:1)። ስላሽ ሎግ (/LOG) ደግሞ የሆነውን ሁሉ አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ያሰፍርላችኋል።

ሲያልቅ ታች ትንሽ ሰንጠረዥ ይወጣል። እኔ የማየው ፌይልድ (ሳይሳካ የቀረ) የሚለውን ዓምድ ነው። መጀመሪያ ሳሄደው ዜሮ አልነበረም። ሎጉን ከፍቼ ኢረር የሚለውን ቃል ስፈልግ በአብዛኞቹ ላይ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ይላል። ፕሮግራሞቹን ዘጋሁና ያንኑ ትዕዛዝ እንደገና ሰጠሁት። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑና ሰዓቱ ያልተለወጠውን እየዘለለ የቀረውን ብቻ ይወስዳል። በመጨረሻ የቀሩት ኢረር 23 የተጻፈባቸው ጥቂት ፎቶዎች ናቸው። ይህ ዲስኩ ራሱ ያንን ቦታ ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው። ስማቸው ከነፎልደራቸው ፊቴ ስለነበር ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው። በማውስ ቢሆን መጉደላቸውንም አላውቅም ነበር።

ስላሽ ኤም አይ አር (/MIR) የሚባለውን ግን ለዚህ ሥራ አትንኩት። መድረሻው ላይ ኖሮ መነሻው ላይ የሌለውን ይሰርዛል። ከየትና ወዴትን አቀያይራችሁ ከጻፋችሁ የሚጠፋው ዋናው ፋይል ነው።

ሮቦኮፒን እንዲህ ባወድሰውም የፋይሉን ውስጥ ከውስጥ አያመሳክርም። በጣም ለምሳሳላቸው ፋይሎች ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ በፖወርሼል (ሌላው የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) ሻ 256 የሚባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣውን መለያ ቁጥራቸውን አውጥቼ አነጻጽሬያለሁ። ለሁሉም አላደረግኩትም፣ እውነቱን ለመናገር ትዕግስቱም አልነበረኝም።

የሚረሱ ነገሮች አሉ። አፕዳታ የሚባለው ፎልደር የተደበቀ ነው፣ የብሮውዘር ቡክማርክና የብዙ ፕሮግራሞች ሴቲንግ ያለው እዚያ ነው። ፕሮግራሞቹን ራሳቸውን ግን ኮፒ ለማድረግ አትድከሙ፣ አዲሱ ላይ እንደገና ይጫናሉ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ደግሞ ፎንቱንም አብራችሁ ውሰዱ። አለዚያ ሰነዱ በደህና ይሻገርና ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳታጠፉት!

አሮጌው ጭራሽ ካልተነሳ ዲስኩን አውጥቶ በሳታ ዩኤስቢ ማገናኛ (የውስጥ ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ) አዲሱ ላይ መሰካት ነው። የላፕቶፑ 2.5 ኢንች ብዙውን ጊዜ የዩኤስቢው ኃይል ይበቃዋል፣ 3.5 ኢንቹ ግን 12 ቮልት የራሱ አዳፕተር ይፈልጋል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ካልያዛችሁ ምንም አታገኙም፤ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ቁልፉን ጻፉት።

አሮጌውን ገና ፎርማት አላደረግኩትም፣ ሁለተኛ ቅጂ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ እስካስቀምጥ ይቆያል። አሁን የቀረኝ በተለያየ ፎልደር የተደጋገሙ ፎቶዎችን ማጥራት ነው። ስማቸው ተለውጦ ይዘታቸው አንድ የሆኑትን በደንብ የሚለይ፣ ከመሰረዙ በፊት የሚያሳይ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ካላችሁ ስሙን ጻፉልኝ።