ላስረዳህ?

«ይህ መስመር የከበደህ ይመስላል። ኢፍ ማለት ምን እንደሆነ በቀላል ምሳሌ ላስረዳህ?»

ይህን ያለኝ ማሽን ነው። ያለኝ ደግሞ በፕሮጀክተር፣ ቡና ሊጠጣ የተሰበሰበው የቢሮ ሰው ሁሉ እያየ። ኢፍ እኮ «ከሆነ» ማለት ናት፣ የኮድ ሀ ሁ! እኔ ደግሞ ኮድ ጽፌ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ!

አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ፕሮግራመሮች የሰው ኮድ ቶሎ እንዲገባቸው የሚያግዝ ኤአይ እያጠናች ነው። ይኼኛው እንደ ሌሎቹ ጠይቁኝ ብሎ አይቀመጥም። የት መስመር ላይ ምን ያህል እንደቆየህ ይለካል፣ ደረጃህን ይገምታል፣ ከዚያ ሳትጠይቀው ያስረዳሃል። አለቃችን «እሱ ይሞክርልሽ፣ ሲኒየራችን ነው» ብሎ እኔን አስቀመጠ። ሲኒየር ያላትን ያዙልኝ።

ደንቡ የምታስበውን ሁሉ ጮክ ብለህ መናገር ነው። ኤሪክሰንና ሳይመን የሚባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጽሐፍ የጻፉበት ዘዴ ነው። አጥኚዋ መርዳት አይፈቀድላትም፤ ዝም ካልክ «እባክህ መናገርህን ቀጥል» ብቻ ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ሳስብ ዝም እላለሁ። እናቴ «ምን ያስለፈልፍሃል» እያለች ያሳደገችኝን ሰው ለሳይንስ ብለው ሊያስለፈልፉኝ!

የቀረበልኝ የራሳችን ኮድ ነው፤ የፈረንጅን ቀን ወደ እኛ የሚቀይረው። የጻፈው ልጅ ካናዳ ገብቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። በዚህ ከተማ ጥሩ ኮድ ጽፎ ሳያስረዳ ካናዳ ያልገባ ማን አለ? የተወልን 1723856 የምትል ቁጥርና ከጎኗ «አትንኩት» የሚል ማስታወሻ ነው። ከየት እንዳመጣት በቴሌግራም ብጠይቀው የበረዶ ፎቶ ላከልኝ። በኋላ ራሴ ደረስኩበት፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች በሚጠቀሙበት የጁሊያን ቀን ቆጠራ፣ የእኛ ዓመተ ምሕረት በቀመሩ ውስጥ የሚነሳባት ቁጥር ናት። ይህን መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? «አትንኩት» ለማለት ጊዜ ነበረው አይደል!

ብቻ ዓይኔ «ወሩ 13 ከሆነ» የምትለው መስመር ላይ ቆመ። ጳጉሜ። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ እንደ 2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች። ኮዱ ይህን የት ጋ እንደያዘው በልቤ እያሰላሁ ነው።

«እባክህ መናገርህን ቀጥል።»

«እህ» አልኩ።

ማሽኑ ያቺን ጥያቄ ብልጭ ያደረጋት ይኼኔ ነው። መልሴን እንኳ አልጠበቀም። «ለምሳሌ፦ ዝናብ ከዘነበ ጃንጥላ ትይዛለህ። ካልዘነበ አትይዝም።» ከሥሩ የምትስቅ ደመና ሥዕል። ደመናዋ በዓይኗ ትጠቅሳለች።

ከዚያ ወዲህ ሕይወቴ ጃንጥላ ሆኗል። በማግስቱ ወንበሬ ላይ ጃንጥላ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። ለልደቴ የተዋጣልኝ ጃንጥላ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ስሕተት የተገኘበት ኮድ ሁሉ በጃንጥላ ምልክት ይታጀባል። ኢፍና ኤልስ («ካልሆነ») ሰምተው የማያውቁት የጥበቃው አባባ እንኳ ሽቅብ አይተው «ዳምኗል ልጄ፣ ኮዱ ምን ይላል?» ይሉኛል። ጊዜው ደግሞ ክረምት ነው፤ የማይዘንብበት ቀን የለም። አንድ ጠዋት ከንዴቴ የተነሳ ሆን ብዬ ባዶ እጄን በዶፍ ወጣሁ። በስብሼ ስገባ አለቃችን ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «አሁንም አልገባህም ማለት ነው?» አለኝ።

የሚያበግነኝ ምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ባለሙያ ፕሮግራመሮች 58 በመቶ ያህሉን የሥራ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ኮድ ለመረዳት ነው ይላል። መስመር ላይ ማፍጠጥ ሥራው ራሱ ነው! ያልገባውም ያፈጣል፣ ከሌላው በላይ የገባውም ያፈጣል። ይህን ሰዓት በመያዝ ብቻ መለየት አይቻልም። እንዲህ ብዬ ለባልደረቦቼ ሳስረዳ አንዱ «ዝናብ ከዘነበ…» ብሎ ይጀምራል፤ ንግግሬ እዚያው ያልቃል።

ያን ቀን ሙከራው ሲያበቃ ናሳ ውስጥ የተሠራ ነው የተባለ የድካም መጠይቅ ተሰጠኝ። አእምሮህ ምን ያህል ሠራ? ጉልበትህስ? (ቁጭ ብዬ!) በመጨረሻ «ምን ያህል ተበሳጨህ?» ይላል፤ ከሥሩ 21 ጭረት ያላት መስመር። ከመጨረሻዋ ጭረት አሳልፌ ምልክቴን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ።

ቪዲዮው ይጥፋልኝ ብዬ ለመንኳት። «አይዞህ፣ ስምህ አይወጣም፣ ተሳታፊ 7 ነህ» አለችኝ። ሰሞኑን የጽሑፏን ረቂቅ ላከችልኝ። ቡናው እስኪበርድ ስለ ዘመነ ሉቃስ ያብራራሁላት፣ ስለ 1723856 የነገርኳት አንዱም የለም። ከአፌ የተጠቀሰው ይኼ ነው፦ «ተሳታፊ 7 (ከረጅም ዝምታ በኋላ)፦ እህ።»

የምስጋናው ገጽ ላይ ግን የካናዳው ልጅ አለ። ከነአያቱ ስም።