ፒ ኤስ ፒ ላይ የነበረው ጌም የት ሄደ?

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የቪዲዮ ጌም ሱቅ ተቀጠርኩ። ጌም ስለማውቅ አልነበረም። ሱቁ ከቤቴ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። ማናጀሩ ደግሞ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ትሠራለህ ወይ የሚል። እሠራለሁ አልኩ፣ ተቀጠርኩ።

ያኔ የጌም እውቀቴ የሚያበቃው አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ፕሌይ ስቴሽን ቤት ነው። እዚያ የሚታወቀው ኳስ ነው። ሳንቲም ትከፍላለህ፣ ትጫወታለህ፣ ከተሸነፍክ ተነስተህ ለሌላው ትለቃለህ። ዲስኩን ማን ሠራው፣ ለየትኛው ማሽን ነው የተሠራው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ኮፒ ነው። ከሠራ ሠራ፤ ካልሠራ በሸሚዝህ ጠረግ አድርገህ መልሰህ ትከተዋለህ።

በዚህ እውቀት ነው እንግዲህ የ2013 የፈረንጆች ገና የደረሰብኝ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ ሰልፉ በሩ ጋ ደርሶ ሳለ፣ አንድ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ተራቸው ደረሰ። አየት አደረጉኝና «ሐበሻ ነህ አይደል?» አሉኝ። ነኝ ስላቸው ትከሻቸው ወረድ አለ። የኤርፖርት ታክሲ ነው የሚነዱት፤ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጡት።

«በል ገላግለኝ የኔ ልጅ። ልጄ በእጅ የምትያዝ ጌም አለችው፣ ፒ ኤስ ፒ የሚላት። እሷ ላይ አውሬ የሚያድኑበት ጨዋታ አለ። ዘንዶ የመሰለ ነገር፣ ትልልቅ ጎራዴ ይዘው… አዲሱ ወጥቷል ብሎ አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቀኝ። እሱን ስጠኝ።»

ሞንስተር ሀንተር መሆኑን አወቅሁ። ይሄን ማወቄ ራሱ አኮራኝ። ቀሪውን በራሴ ሎጂክ ሞላሁት። ጌሙ ፒ ኤስ ፒ ላይ ነበር። ፒ ኤስ ፒ የሶኒ ነው። የሶኒ አዲሱ የእጅ ማሽን ቪታ ነው። ስለዚህ አዲሱ ጌም አዲሱ ማሽን ላይ ነው። ለማረጋገጥም ስልኬን አውጥቼ ስሙን ፈለግሁ። የሶኒ የኢንተርኔት መደብር ውስጥ ሞንስተር ሀንተር የሚል ሥዕል ወጣ። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ አላነበብኩም። ሰልፉ ረጅም ነበር።

«ጋሼ፣ ፒ ኤስ ፒ እኮ አርጅቷል። አዲሱ የሚሠራው በዚህ ነው» አልኳቸው አፌን ሞልቼ።

ቪታ 200 ዶላር። ቪታ ያለ ሜሞሪ ካርድ ጌም አያወርድም፤ ስለዚህ ባለ 16 ጊጋባይት ካርድ፣ 40 ዶላር። ጌሙን ከኢንተርኔት የሚያወርድበት የ50 ዶላር ቅድመ ክፍያ ካርድ። እሳቸው በላስቲክ የታሰረ ብር ከጃኬታቸው አወጡ። ሃያዎቹን ለብቻ፣ አምስቶቹን ለብቻ ደረደሩ። መጨረሻ ላይ በአንድ ዶላር ኖቶች ሞሉት፤ ቲፕ መሆኑ ያስታውቃል። «ተባረክ» ብለውኝ ወጡ።

በገና ማግስት ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ መጡ። ዛሬ ልጁ አብሯቸው ነው፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተናገረው ልጁ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በተሰባበረ አማርኛ። «ይሄ የድሮው ነው። እኔ አለኝ። እኔ የፈለግሁት 3 አልቲሜትን ነው። እሱ ቪታ የለውም። ኒንቴንዶ ነው። ስሪ ዲ ኤስ።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ስሪ ዲ ኤስ የሶኒ ተፎካካሪ የኒንቴንዶ የእጅ ማሽን ነው። ያየሁት ሥዕል በ2009 ለፒ ኤስ ፒ የወጣው ነበር። ቪታ የድሮ የፒ ኤስ ፒ ጌሞችን ስለሚያጫውት ነው መደብሩ ውስጥ የተገኘው። አዲሱ ግን ከጀርባዬ፣ ቀዩ የኒንቴንዶ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ ከማርች ጀምሮ። በየቀኑ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ሰው ሲጨንቀው የባሰ ይሳሳታል። ሮጬ የቪታውን ሶል ሳክሪፋይስ አነሳሁና «ይሄም እኮ አውሬ ያድናል!» አልኩት። ልጁ አየኝ። ዶሮ ወጥ ለጠየቀ ሰው «ሽሮም እኮ ወጥ ነው» ብለው እንደሚያዩህ ዓይነት አስተያየት ነው።

ማናጀራችን ከጓዳ ወጣ። ወሬውን ሰማ። ሰውየውን ይቅርታ ጠየቃቸውና ማሽኑን እቀይራለሁ አለ፤ ትልቁ ስሪ ዲ ኤስ ዋጋው ያው 200 ስለነበረ እኩል ለእኩል ሆነ። የቅድመ ክፍያው ካርድ ተፍቆ ቁጥሩ ገብቷል፤ አይመለስም። እዚህ ላይ ያዳነኝ ልጁ ነው። «ገንዘቡ አካውንቴ ውስጥ ነው። በፒ ኤስ ፒዬ እገዛበታለሁ» አለ። የቀረችው ሜሞሪ ካርዷ ናት። ማሸጊያዋ ተቀዷል። ሶኒ ለቪታ ብቻ ያሠራት ስለሆነች ስልክ ላይ አትገባ፣ ካሜራ ላይ አትገባ። ስሪ ዲ ኤስ ደግሞ የሚጠቀመው ማንኛውም ሱቅ የሚሸጠውን ተራ ኤስ ዲ ካርድ ነው። 40 ዶላሩን ከኪሴ ከፈልኩና ካርዷን ወሰድኳት። በ40 ዶላሩ ያገለገለ 3 አልቲሜት ገዛንለት። የአምስት ሰዓት ሥራ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ማናጀሩ ጓዳ ጠራኝ። ሊያባርረኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ካርቶን ላይ ተቀምጦ «ጌሙ ለምን እንደሄደ ታውቃለህ?» አለኝ። ሰውየው ከጌም ቦይ፣ ከድሮው የኒንቴንዶ የእጅ ማሽን ዘመን ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ነው። ወሬ ሲጀምር ሳንድዊቹን ይረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒንቴንዶ ስሪ ዲ ኤስን አሜሪካ ውስጥ ያወጣው በማርች 2011፣ በ250 ዶላር ነው። ገበያ እምቢ አለው። በኦገስት ዋጋውን በአንድ ጊዜ ወደ 170 ጣለው፤ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታም የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚሸጠው ከመሥሪያ ዋጋው በታች ነበር። በኪሳራ ማለት ነው። እብደት ይመስላል። ግን በዚህ ሥራ ማሽኑ በር ነው፤ ገንዘቡ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ሌላ ኩባንያ የሠራው ጌም ሲሸጥ እንኳ የማሽኑ ባለቤት ከእያንዳንዱ ኮፒ ድርሻውን ያነሳል። ስለዚህ ሰው በሩን አልፎ እንዲገባ የሚያደርግ አንድ ጌም ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ የማይገኝ።

ዋጋው ከወረደ አንድ ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ ኒንቴንዶ መድረክ ላይ ወጥቶ ሞንስተር ሀንተር ወደ እኔ መጥቷል አለ። አንድ ብቻ አይደለም፤ 3 ጂ (ልጁ የፈለገው 3 አልቲሜት የጃፓን ስሙ ነው) እና 4፣ ሁለቱም። ይሄ ጃፓን ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ማናጀሩ በእጁ እየመታ ነው ያስረዳኝ። ከዚያ በፊት በ2010 መጨረሻ ለፒ ኤስ ፒ የወጣው ሞንስተር ሀንተር ፖርታብል ሰርድ ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሸጧል። ያውም ከጃፓን ሳይወጣ። ፒ ኤስ ፒን እዚያ አገር ያቆመው ይህ ጌም ነበር ማለት ይቻላል። ኒንቴንዶ የወሰደው ጌም አይደለም፣ የቤቱን ምሰሶ ነው። የስሪ ዲ ኤሱ 3 ጂ ለገበያ የቀረበው በዲሴምበር 10 ቀን 2011 ነው። ቪታ ጃፓን ውስጥ የወጣው በ17። አንድ ሳምንት! የሶኒ ማሽን ገና ሱቅ ሳይደርስ ደንበኛው ሌላ ቤት ገብቶ ጫማውን አውልቋል።

«እሺ ኒንቴንዶስ ይሁን፣ ጌሙን የሚሠራው ካፕኮም ምን አገኘ? ሁለቱም ላይ ቢያወጣው እጥፍ አይሸጥም?» አልኩት። እንደ ሻጭ ሳስበው እቃዬን በሁለት ሱቅ ብደረድረው ይሻለኛል።

መልሱ ያ ልጅ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሞንስተር ሀንተር ለብቻ አይጣፍጥም። አራት ሆነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማሽኖቻቸውን አገናኝተው ነው የሚያድኑት። ጃፓን ውስጥ ባቡር ላይ፣ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ ካፌ። ሁለቱ ጓደኞችህ ቪታ፣ ሁለታችሁ ስሪ ዲ ኤስ ብትይዙ አደኑ የለም። ስለዚህ ለካፕኮም ሕዝቡ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ራሱ ትርፍ ነው። የቪታ ስክሪን አንድ ነው፣ ጉልበቱም ትልቅ ነው፤ ስሪ ዲ ኤስ ሁለት ስክሪን አለው፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ለሁለቱም መሥራት ማለት ሁለት ቡድን ቀጥሮ አንድ ሥራ ሁለቴ ማሠራት ነው።

በዚያ ላይ የማሽኑ ባለቤት ለእንግዳው መኝታ ያነጥፋል። ስሪ ዲ ኤስ በቀኝ በኩል የጣት ዱላ አልነበረውም፤ ይሄ ጌም ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን እይታ ለማዞር ይፈልገዋል። ኒንቴንዶ ማሽኑ ሥር የሚገጠም ተጨማሪ ዱላ ሠራና ከጌሙ ጋር በአንድ ቀን አወጣ። መልኩ አስቀያሚ ነው፤ ስሪ ዲ ኤስን የተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያስቀመጡት ነው የሚመስለው። ግን አስበው፤ ማሽኑ ከተሸጠ ከወራት በኋላ ለአንድ ጌም ብለው አካል ጨመሩለት። ከዚያ ውጭ ያለው ውል በሚስጥር ይያዛል፤ በዚህ ሥራ የተለመደው የማስታወቂያ ወጪ መሸፈን፣ ድርሻ መቀነስ፣ አንዳንዴም መሥሪያውን ገንዘብ ራሱ መስጠት ነው።

ማናጀሩ ከዚያ ወደ ድሮ ሄደ። በ1989 ጌም ቦይ አሜሪካ ሲገባ ካርቶኑ ውስጥ ቴትሪስ ነበር። ሄንክ ሮጀርስ የሚባል ሰው ሞስኮ ድረስ ሄዶ የእጅ ማሽን መብቱን ከሶቪየቶች ገዝቶ ነው ያመጣው። ሰው ጌም ቦይ ገዛሁ ይላል እንጂ የገዛው ቴትሪስን ነው። ፖኬሞንን አንስቼ ጠየቅሁት፤ ሳቀብኝ። የዚያ ጌም ባለመብት ኩባንያ ባለቤቶች ሦስት ናቸው፣ አንዱ ኒንቴንዶ ራሱ ነው። እሱን ሌላ ማሽን ላይ መጠበቅ የጎረቤት ላም እኔ በረት ትውለድ ማለት ነው።

የጊዜ ብቻ የሆነም አለ። ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ የሚባለው ጂ ቲ ኤ በ2005 የፒ ኤስ ፒ ብቻ ነበር፤ በዓመቱ ፕሌይ ስቴሽን 2 ላይ ወጣ። ማናጀሩ በእጁ የቪታውን የአሳሲንስ ክሪድ ሊበሬሽን አንስቶ «ይሄ በሚቀጥለው ወር ሌሎቹ ጋ ይወጣል፤ ዛሬ ማታ ዋጋውን ቀንስ» አለኝ። እውነትም በጃንዋሪ 2014 ወጣ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ለማሽኑ ተብሎ የተሠራ፣ ከማሽኑ ጣቶች ጋር አብሮ የተሰፋ ጌም አንድ ቦታ ቢቀር አይከፋኝም። ሰው 200 ዶላር አውጥቶ ማሽን ከገዛ በኋላ «አሁን ሁሉም ጋ አለ» ሲባል ግን… የዚያን የታክሲ ሹፌር የላስቲክ ጥቅል ያየ ሰው ይገባዋል።

ሶኒስ? ዝም አላለም። ያ ለልጁ የሰጠሁት ሶል ሳክሪፋይስ የሄደውን እንግዳ ይተካል ተብሎ የታሰበ ነበር። መጥፎ ጌም አይደለም፤ በኋላ ተጫውቼዋለሁ፣ ያቺን የ40 ዶላር ካርድ ካልተጠቀምኩባት ብዬ ያገለገለ ቪታ ገዝቼ። አዎ፣ ለካርዷ ብዬ ማሽን ገዛሁ። አትሳቁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬ ላይ የተቀየረው ትንሽ ነገር ነው። ሰው ሲመጣ ስለ ማሽን ማውራት አቆምኩ። «ልጁ የሚጫወተው ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው የሚጫወተው?» ብዬ እጀምራለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እናቶች «ከአክስቱ ልጅ ጋር» ሲሉኝ ለአክስቱ ልጅ ቤት አስደውላቸዋለሁ፤ እዚያ ቤት ያለው የትኛው ነው? ባንኮኒ ላይ ስንት ስልክ ተደወለ መሰላችሁ።

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2015፣ ሞንስተር ሀንተር 4 አልቲሜት አሜሪካ ውስጥ ወጣ። በዚያው ቀን ኒንቴንዶ አዲሱን ትልቁን ስሪ ዲ ኤስ ለቀቀ፤ የጎደለችውን የቀኝ ዱላ አሁን እላዩ ላይ ሠርቶላት። ሰልፍ ነበር። መሀል ላይ ሰውየውን አየኋቸው፤ ያው ጃኬት ነው። ተራቸው ሲደርስ ሰላምታ እንኳ አልጨረስንም።

«ልጁ ያንን አዲሱን አውሬ ይፈልጋል። ደግሞ ማሽን ግዛ ልትለኝ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ቤት ያለው ይበቃዋል። አዲሱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ በድሮውም ይሠራል።»

«በአፍህ አትንገረኝ» አሉኝ ጣታቸውን አንስተው። «ካርቶኑ ላይ አሳየኝ።»

ጌሙን ከመደርደሪያው አውርጄ ጥጉ ላይ ያለውን የስሪ ዲ ኤስ ምልክት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱትና ለልጃቸው ላኩለት። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ እያጉረመረመ፣ መልሱ እስኪመጣ ሁለታችንም ስልኩን እያየን ቆመን ጠበቅን።