አመድ አፋሽ እጅ

«ነዶ ያለቀለትን አመድ ደግሞ ምን እንዲሆን ነው የምናስቀምጠው?» አሉኝ አለቃዬ። ሎደሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ክምሩ ግቢውን ሞልቶታል፤ አመዱን በሲሚንቶ ለውሶ የሚሠራው ብሎኬት አምራቹም በየቀኑ ይደውላል።

ከቆሻሻ ማቃጠያው እቶን ሥር የሚወጣው አመድ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብረቱን ማግኔት ይለቅመዋል፤ አሉሚኒየሙንና መዳቡን ኤዲ ከረንቱ (ማግኔት የማይስበውን ብረታ ብረት በሚሽከረከር ማግኔት ገፍቶ የሚለየው ማሽን) ከኮንቬየሩ ጫፍ ያስፈነጥረዋል። ሳንቲም፣ ማንኪያ፣ ቁልፍ ሲዘንብ እንግዳ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። (በጭስ ማጣሪያው የሚያዘው በራሪ አመድ ሌላ ጣጣ ነው፤ እርሳስና ካድሚየም ስላለበት እኛ ዘንድ አይመጣም።)

ጉዱ ያለው ማሽኑ የማይዘው ደቃቅ ላይ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እቶኑ ከ850 በላይ ነው። ስለዚህ ስሱ አሉሚኒየም ቀልጦ፣ ጥቃቅን ፍሬ ሆኖ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ሲሚንቶ ሲነካው ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ብሎኬቱን የሚያሳብጠው ይኸው ጋዝ ነው። ለዚህ ነው ክምሩ ሁለት ሦስት ወር ሜዳ ላይ የሚቆየው፦ እርጥበቱ ሲሚንቶ ሳይነካው በፊት ከአሉሚኒየሙ የሚበላውን ይበላል፣ አመዱ ውስጥ ያለው ኖራ ውኃውን ጠጥቶ ማበጡን እዚያው ይጨርሳል፣ አየሩም ፒኤቹን (የአልካላይነቱን መለኪያ) ከ12 አካባቢ ወደ 9 አካባቢ ያወርደዋል።

ይህን ሁሉ ቆሜ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው መስማታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። «አንተ ልጅ፣ ኬሚስት ሆነህብኛል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ለሎደሩ ሹፌር በእጃቸው «ጫን» አሉት።

ማታውን ከዚያው ክምር በቀለም ቆርቆሮ ዘግኜ በሲሚንቶ ለወስኩት። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ አረፋ አረፋ ማለት ጀመረ፤ ጆሮ ሲያስጠጉት ይንሿሿል። ጠዋት እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከቆርቆሮው አፍ አልፏል፣ አናቱም ተሰነጣጥቋል። ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ዞር ዞር አድርገው አዩትና «ውኃ አብዝተህበት ነው» አሉ።

ብሎኬቱ ተመልሶ መጣ። ገሚሱ ጎኑ የተነፋ፣ ገሚሱ በጣት ሲነካ የሚፈረካከስ። አለቃዬ አንዱን አንስተው ካገላበጡ በኋላ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እነዚህ ሰዎች ውኃ ያበዛሉ!»

ትምህርቱን ንገረን ካላችሁ፣ ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል እላለሁ። ግን ያሳየሁትስ መቼ ታየልኝ? እጄ አመድ አፋሽ ነው ብዬ እንዳላማርር፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ አመድ ለማፈስ ነው።

አሁን በሩ ላይ «ጊዜውን ያልጨረሰ አመድ ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ፣ ከሥሩ የእሳቸው ፊርማ። ቆርቆሮዬ ቢሯቸው መደርደሪያ ላይ ናት። እንግዳ ሲመጣ አንስተው «ይቺ ሙከራችን ናት» እያሉ ያሳያሉ። «ውኃ በዝቶባት ይሆን እንዴ ጋሼ?» ልላቸው ስንቴ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመልሷል።