53 ቮልት እያሳየ አልነሳ ያለ ብስክሌት

ብስክሌቱ በባትሪ የሚሄድ፣ ባለ 48 ቮልት ነው፤ ባትሪው በፍሬሙ ላይ ተንሸራቶ ገብቶ የሚቆለፍ ዓይነት። የክረምት ዝናብ ሲመታው ከዋለ በኋላ መሪው ላይ ያለው ዲስፕሌይ ጨለመ። የባትሪውን መፈተሻ በተን ስጫን ግን አራቱም መብራቶች በሩ። እነዚህ መብራቶች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የሚያሳዩት የሴሎቹን ቮልቴጅ እንጂ ኃይል ወደ ውጭ መውጣቱን አይደለም፤ የባትሪው ጠባቂ ቦርድ፣ ቢኤምኤሱ፣ መውጫውን ዘግቶም ሊበሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ባትሪውን አውጥቼ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አደረግኩና መውጫ ጥርሶቹን፣ ማለትም ኃይሉ የሚያልፍባቸውን የብረት መገናኛዎች፣ ለካሁ፦ 53.1 ቮልት። 13 ሴል በተከታታይ የተያያዘበት ባትሪ ሲሞላ 54.6 ነው፤ ወደ 39 ሲወርድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሴል 3 ቮልት ገደማ ሲደርስ፣ ባዶ ነው በሉት። እዚህ ላይ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት ቢያሳይ ኖሮ ጥርጣሬዬ ፊውዙና ቢኤምኤሱ ላይ ይሆን ነበር። የዘጋ ቢኤምኤስ አንዳንዴ ቻርጀር ለጥቂት ደቂቃ ሲሰካበት ይከፍታል። ቢኤምኤሱን በሽቦ ዘሎ ሴሎቹን በቀጥታ መሙላት ግን ቤት ውስጥ እሳት መጥራት ነው፤ በተለይ ሴሎቹ ከ2 ቮልት በታች ወርደው ከቆዩ።

ቀጥሎ ባትሪውን ቦታው አስገብቼ፣ ወፍራሞቹ ቀይና ጥቁር ገመዶች ኮንትሮለሩ ጋ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን ጋ፣ የሚደርሱበት ላይ ለካሁ። ያው 53.1። የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው፤ ኃይሉ ደርሷል፣ እንግዲያው የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው አልኩ። አዲስ ኮንትሮለር ብገዛ ገንዘቡ ውኃ በልቶት ብስክሌቱ እንዳለ ይቀር ነበር።

ቴስተር ከሚለካው መስመር የሚስበው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። የውስጥ መቋቋሙ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ስለሆነ በ53 ቮልት የሚስበው 5 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው። መንገዱ ላይ 1,000 ኦም የሚያህል ዝገት ቢኖር ቴስተሩ ላይ የሚጎድለው 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ማንም አያየውም። ዲስፕሌዩና ኮንትሮለሩ ለመነሳት 50 ሚሊአምፔር ቢጠይቁ ግን ያው ዝገት 50 ቮልቱን ይውጠዋል።

ስለዚህ ጭነት፣ ማለትም በርከት ያለ ጅረት የሚስብ ነገር፣ ያስፈልጋል። አራት ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና ፍሬን አምፖሎች በተከታታይ አያያዝኩ፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ ማግኘት ነው። ለእያንዳንዱ 13 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል፣ ይህም መኪና ላይ የለመደው ነው። የሚስቡት ወደ 2 አምፔር ይጠጋል። ሦስት ብቻ ካያያዛችሁ ብዙም ሳይቆዩ ይቃጠላሉ።

አምፖሎቹን ባትሪው መውጫ ላይ ሳገናኝ ቦግ አሉ፤ ቮልቴጁም ከ53.1 ወደ 52.8 ብቻ ወረደ። ባትሪው ጤነኛ ነው። ኮንትሮለሩ መግቢያ ላይ ሳገናኛቸው ግን አንዳቸውም አልበሩም፣ ቴስተሩም አንድ ቮልት እንኳ አልሞላም። በሁለቱ መካከል ያሉት የባትሪው መቀመጫ ጥርሶችና ገመዱ ብቻ ናቸው። ባትሪውን አውጥቼ የገመዱን መቋቋም ስለካ ከ1 ኦም በታች ሆነ። የቀረው ጥርሱ ነው።

የፖዘቲቩ ጥርስ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ ጫፉም ተበልቶ ነበር። ፖዘቲቩ የሚጎዳበት ምክንያት አለው፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ውኃ ሲተኛ ትንሽ ጅረት ያፈሳል፣ መዳቡም ከፖዘቲቩ በኩል እየሟሟ ይሄዳል። ማብሪያው በርቶ ሳለ ባትሪ ማስገባትም ያባብሰዋል፤ የኮንትሮለሩ ካፓሲተሮች፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ በቅጽበት ሲሞሉ ጥርሱ ላይ ብልጭታ ይፈጥራሉ፣ ብልጭታውም የላዩን ሽፋን ይበላዋል።

በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ለጊዜው ይሠራል፤ ሽፋኑ ስለሚነሳ ግን ቶሎ ይዝጋል። እኔ የመቀመጫውን ጥርስ ሙሉውን ቀየርኩ። ከመበየዴ በፊት ባትሪው ወጥቶ ሳለ አምፖሎቹን ኮንትሮለሩ መግቢያ ላይ አስነካሁ፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኃይል በዚያ ይወጣል። ከዚያ ቀይና ጥቁሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ተገለባብጦ ከተበየደ ያን ጊዜ ኮንትሮለሩ በእውነት ይቃጠላል።

አምፖሎቹ ኮንትሮለሩ ጋ ቦግ እያሉ ዲስፕሌዩ ካልበራስ? የዲስፕሌዩን ሶኬት ፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ አንዱ ገመድ የባትሪ ቮልቴጅ ወደ ዲስፕሌዩ ያመጣል፤ በተኑ ሲጫን ያው ቮልቴጅ በሌላ ገመድ ተመልሶ ኮንትሮለሩን ያስነሳል። ብዙ ጊዜ ቀይና ሰማያዊ ናቸው፤ ቀለም ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና በቴስተር ሳታረጋግጡ አታገናኙ። 53 ቮልት ወደ መረጃ ገመዶቹ ከገባ ነገሩ ያበቃለታል። ዲስፕሌዩ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የፍጥነት እጀታውን፣ የፔዳል ሴንሰሩንና የሞተሩን ሴንሰር ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱ የ5 ቮልቱን መስመር ሾርት አድርጎት ሊሆን ይችላል።

አዲሶቹን ጥርሶች ስስ የሲሊኮን ግራሶ ቀባኋቸው። ከመቀመጫው ሥር ያለችውን በጭቃ የተደፈነች የውኃ መውጫ ቀዳዳም ከፈትኩ። ከዚያ 20 ደቂቃ ዳገት ወጥቼ ባትሪውን አጥፍቼ አወጣሁና የመቀመጫውን ጥርሶች በጣቴ ዳሰስኩ። ለብ ብለዋል፤ የሚያቃጥሉ ቢሆኑ ብየዳውን ደግሜ እፈታው ነበር።